ጥቁሩን ስክሪን ወደ በረንዳው ያዞርኩበት ቀን

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአባታችን በቀረው ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ጽሕፈትና ኅትመት እሠራ ነበር። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሲሞቀው ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ሀብቴ ይኸው ነበር። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ኪቦርድ የለመድኩት ደግሞ የብስኩት ካርቶን ላይ ፊደላቱን በእስክሪብቶ ሥዬ፣ ማንም ሳያየኝ ጣቴን እያመላለስኩ ነው። ስለዚህ ያቺን ክፍል የምወዳት እንጀራዬ ስለሆነች ብቻ አልነበረም።

ክፍሏ ግን የኔ አልነበረችም። አባታችን ካረፉ በኋላ በቤቱ ላይ ቃል ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ካምባ ወረዳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። «ሥሪባት» ብሎ ሰጠኝ፤ «ውጪ» ቢለኝ እወጣለሁ። በኛ ቤት የታላቅ ቃል ላይ ቃል አይጨመርም።

ወንድሜን ካነሳሁ አመሉንም ልንገራችሁ። መዝሙርና ስብከት ይሰበስባል። የራሱን ላፕቶፕ በቦርሳ፣ ፍላሹን በክር አንገቱ ላይ ሳያደርግ ከቤት አይወጣም። ባጃጅ ውስጥም ሆነ ሰርግ ላይ ወይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ፍላሽ ይዘሃል? አምጣ፣ መዝሙር ልሙላልህ፤ ለነፍስህ ነው» ይላል። አምስት ሳንቲም አይቀበልም። የሰው ነፍስ ስትሰማ ደስ ይለዋል፣ በቃ።

በዚያን ጊዜ የከተማው ፍላሽ ሁሉ ታሞ ነበር ብል አላጋነንኩም። ተማሪ ማታ የጻፈውን ጠዋት ሊከፍት ሲሄድ ፎልደሩ የለም፤ በቦታው ቀስት ያለባት ትንሽ ምልክት ቁጭ ብላለች። ሲነካት በሽታው ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ከዚያ የተሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል። የኔም ማሽን እየወደቀ እየተነሳ ኖረ። ጠጋኙ መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል፤ የደንበኛ ሥራም አብሮ ይታጠባል፤ እኔም ደንበኛ ፊት እንደ ጥፋተኛ አቀረቅራለሁ።

ከኋላ ያለችውን ክፍል የተከራየች አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። እዚሁ ተመርቃ ሥራ ትፈልግ ነበር። አንድ ቀን ፎርማት ሲደረግ አይታ፣

«እትዬ፣ ለምን ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም አልጭንልሽም? ይሄ በሽታ እሱ ላይ አይነሳም» አለችኝ።

«ስንት ነው?»

«ነፃ ነው።»

እኔ ነፃ የሚል ቃል ስሰማ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

«ማን ነው የሠራው?»

«ብዙ ሰው፣ ከየአገሩ። እየተቀባበሉ ይሠሩታል። እንዴት እንደተሠራም ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።»

«ደቦ ነው በይኛ።»

«ልክ እንደሱ!»

«ደቦ እኮ ጠላና ምሳ አለው። የነዚህን ምሳ ማን አቀረበ?»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ቅዳሜ ጫነችልኝ። አጠገቧ ቆሜ ጣቷን ጣቷን አየኋት። ስትጨርስ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለው፣ ምልክት የለው፤ ነጭ ፊደልና አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል መስመር ብቻ። «ይሄ ተርሚናል ይባላል። እዚህ በማውስ መነካካት የለም፤ ጽፎ ማዘዝ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። በፊልም ላይ የሰው ባንክ የሚዘርፉት እንዲህ ያለው ነገር ላይ እየጻፉ ነው። ወደ ክፍሏ ስትገባ ጠብቄ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በማግስቱ «ኢንተርኔት የለም እንዴ?» ስትል «ኔትወርክ የለም» አልኳት። በኛ ከተማ ይህን ብሎ ያልታመነ ሰው የለም።

እሷ ግን ታግሣ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ያሳየችኝ የሚያስኬደውን ሳይሆን የሚያቆመውን ነው። «ያዘዝሽው ነገር አላምር ካለሽ Ctrl እና C አብረሽ ተጫኚ፤ ይቆማል» አለችኝ። መኪና ሊያስተምርህ ተቀምጦ ከነዳጁ በፊት ፍሬኑን የሚያሳይህ ሰው ሊገድልህ አላሰበም። እዚህ ላይ ትንሽ አመንኳት፤ ገመዱንም ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት።

እስከ ዛሬ የምጠቀምባቸውን በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ ያን ጥቁር መስኮት ከፍቶ በድንጋጤ የዘጋ አይጠፋም። pwd ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደቆማችሁ ይነግራችኋል። ls የቆማችሁበትን ቤት ዕቃ ይዘረዝራል፤ ls -a ደግሞ የተሸሸገውንም ጨምሮ። በ cd ትገባላችሁ፣ በ cp ትገለብጣላችሁ፤ ፎልደር ከነሆዱ ከሆነ cp -r ነው። ረጅም ስም ለመጻፍ አትድከሙ፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፋችሁ Tab ስትጫኑ ራሱ ይጨርሰዋል። አልጨርስ ካለ ወይ ስሙ ላይ ተሳስታችኋል፣ ወይ ያላችሁበት ቦታ ሌላ ነው። ስለዚህ እኔ Tabን ለፍጥነት ሳይሆን ለጥርጣሬ ነው የምጠቀምበት። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ቀድሞ የጻፋችሁትን ይመልስላችኋል። አንድን ትእዛዝ ካላመናችሁት ከፊቱ man ብላችሁ ጻፉ፤ ምን እንደሚሠራ ራሱ ይናዘዛል፤ ስትጨርሱ q ብላችሁ ትወጣላችሁ። ከሰው የተቀበላችሁትን ትእዛዝ ደግሞ ሳትረዱት አትጻፉ፤ በተለይ ፊቱ ላይ sudo ካለበት። sudo ማለት የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለእንግዳ ማስጨበጥ ነው።

rm ያጠፋል። እሱ ላይ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ የተጣለ የሚለቀምበት ቅርጫት የለም እትዬ። ዓባያ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ቀለበት በይው። ሁልጊዜ rm -i በይ፤ እያንዳንዱን ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ y ካላልሽ አይነካም።» ጠይቆ የሚያጠፋ ነገር ደስ አለኝ። ከሰው መካከል ራሱ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

ብዙም ሳትቆይ ሐዋሳ ሥራ አገኘችና ሄደች። ከጥቁሩ ስክሪን ጋር ብቻችንን ተፋጠጥን።

የመጀመሪያውን የታመመ ፍላሽ ይዛ የመጣችው አንዲት ተማሪ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሰካሁት፣ ls አልኩ። ወይ ጉድ! ጠፋ ያለችው ሁሉ ቁጭ ብሏል። ለካ በሽታው ፎልደሩን አያጠፋውም፤ «ተሰወር» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል እንጂ። የኔ ማሽን ደግሞ ያን ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም። ገለበጥኩላት። እጄን ልትስም ምንም አልቀራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍላሽ የሞተበት ሁሉ ወደኔ ይጎርፍ ጀመር።

እኔ ደግሞ አንድ ወግ አለኝ። የሰው ፍላሽ የሰው ጓዳ ነው። እናታችን ሰው ቤት ይዛን ስትሄድ «ዓይናችሁን ጓዳ እንዳታስገቡ» ትለን ነበር። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ አጠገብ የተቀመጠው ደንበኛ የሌላውን እንዳያይ። እኔም ls ዘርዝሮ ሲያወጣልኝ የተጠየቅኩትን ስም ብቻ በዓይኔ ፈልጌ፣ ገልብጬ፣ clear ብዬ አጠፋዋለሁ። ሌላውን አላነብም።

ያስጠረጠረኝም ይኸው ጨዋነቴ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ሙዝ ልገዛ ቆሜ ነው። ከጫኖ ሙዝ የምታመጣው ሴትዮ ከኋላዋ መቆሜን አላየችም።

«ስክሪኑን ወደ ግድግዳ የምታዞረው ለምን ይመስልሻል?» አለች ለጓደኛዋ።

«ለምን?»

«ውስጡ ጥቁር ነው አሉ። እዚያ ላይ የሆነ ነገር ትጽፍበታለች፤ ፍላሹ ይታመማል። ከዚያ እሷው ታድነዋለች።»

«በሽታውም ከሷ፣ መድኃኒቱም ከሷ በይኛ!»

ሙዙን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ዓይኔ ላይ ተለወጠ። አንዱ ደንበኛ ፍላሹን ሰክቶ ጫፉን በጣቱ እንደያዘ ቆመ፤ «ልቀቀው እንጂ» ስለው «ግድ የለም፣ አይከብደኝም» አለኝ። ሌላዋ ጣቴን ጣቴን ታያለች፤ እኔ የደሴዋን ልጅ እንዳየሁት። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ መጠርጠር ጀመርኩ። ልጅቷ ሐዋሳ ሆና በዚያ ጥቁር በር ትገባ ይሆን? ገመዱን እንደገና ነቀልኩ። ማዶ ፎቶ ኮፒ ያላት ጎረቤቴስ? እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ በሰላምታ ደህና ነን፣ ደንበኛዋ ግን ወደኔ ከዞረ ወዲህ ሰላምታዋ አጥሯል። የታመመውን ፍላሽ እየላከችብኝ ይሆን? እሷ በሯ ላይ፣ እኔ በሬ ላይ ቆመን፣ መንገዱን ተሻግረን በዓይን እንፈታተሻለን።

በዚህ መሃል ወንድሜ ከካምባ መጣ። ቦርሳውን ሳያወርድ፣

«እቴ፣ ስምሽ ካምባ ድረስ መጣልኝ» አለ።

«ምን ብሎ?»

«በሽታ እየለቀቀች መድኃኒት ትሸጣለች ብሎ።»

«አንተ ታምናለህ ጋሼ?»

«እኔማ ያቺ ማዶ ያለችው ናት ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ቀንታብሽ ነው። ግን ያንን ነፃ ነገር ማን እንደሰጠሽ ታውቂያለሽ? በነፃ የሚሰጥ ሰው የሚወስደው ነገር አለው።»

«አንተስ መዝሙሩን በነፃ አይደል የምትሰጠው?»

«ምን አገናኘው!» ፊቱ ተለዋወጠ። «ያ የእግዚአብሔር ነገር ነው!» ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «አባታችን የወጡበት የገቡበት በር ነው ይሄ። ስሙ ሳይጠራ ከቀረ ክፍሏን ለጫማ ነጋዴው አከራያታለሁ። ጠይቆኛል» አለኝ።

ክፍሏ ከሄደች የት እሄዳለሁ? አሥረኛ ክፍል ላይ ላቆመች፣ ካርቶን ላይ ለተማረች ሴት ማን ኮምፒውተር አምኖ ይሰጣል?

ያው ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንድ ተመራቂ ተማሪ እየጮኸ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉ ጠፍቶበታል፤ ማስረከቢያው ደርሷል።

«ካንቺ ጋር ከማሳተሜ በፊት ደህና ነበር!»

«አምጣው ልየው።»

«ደግሞ ላስነካሽ?» ፍላሹን በጡጫው ጨመቀው። «የቀረውንም ልትበይው?»

ሰው ተሰበሰበ። የሙዟ ሴትዮ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ምድር ምድሩን ያያል። በዚህ ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት ጎልምሰው ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለዩበትም፤ እኔን «አንተ» ሲሉኝ ማንም አይስቅም።

«አንተ ልጄ፣ ነገር በጓዳ አይድንም» አሉኝ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንቀመጥ። የጠረጠረ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይምጣ።»

በኛ በጋሞ ደጋ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ያጠፋው፣ ወይ የሸሸገው ነገር በቤቱ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲሞት፣ ሽማግሌ «የተደበቀው ይነገር» ይላል። ጎሜ የሚለቀው በአደባባይ ቆሞ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሲናገሩት ነው። ያን ሌሊት ስገላበጥ አሰብኩበት። እኔ የደበቅኩት ነገር የለም፤ ግን ስክሪኔ ፊቱን አዙሮ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። ፊቱን ያዞረን ሰው ማን ያምናል?

እሑድ ጠረጴዛዬን በረንዳው ላይ አወጣሁት። ገመድ ቀጥዬ፣ ስክሪኑን ወደ ሰዉ አዞርኩት። ወንድሜ ከፊት ተቀመጠ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ፍላሹ ደረቱ ላይ። ከዓባያ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቴን ሁሉ ይበትንብኛል።

«የምጽፈውን ሁሉ ከመጫኔ በፊት እናገራለሁ» አልኩ። «የሚወጣውንም ሁሉ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። ያልገባው ያስቁመኝ። ማቆሚያው ይኸው፣ Ctrl እና C ነው፤ ከናንተ ማንም መጥቶ ሊጫነው ይችላል።»

«ሁሉን አንብብ» አሉ ሽማግሌው። «ግማሽ የተነገረ ነገር አልተነገረም።»

ተማሪው ፍላሹን ራሱ ሰካው።

«ls -a ብዬ እጽፋለሁ። ያለውን ሁሉ፣ የተሸሸገውንም አሳየኝ ማለት ነው።» ተጫንኩ። ተዘረዘረ። «ጽሑፍ የመጨረሻ። ጽሑፍ የእውነት የመጨረሻ። ጽሑፍ በቃ የመጨረሻ…»

«እሱ ነው! ይሄው እሱ ነው!» ተማሪው ዘሎ ስክሪኑን ሊያቅፈው ደረሰ።

«ተቀመጥ፣ አላለቀም» አሉ ሽማግሌው። «አንብብ።»

«ፎቶ። ማመልከቻ…» ቀጠልኩ። «ለነፍስ።»

ይህን ስም አውቀዋለሁ። የወንድሜ የመዝሙር ፎልደር ነው፤ ስሙን ያወጣለት እሱ ነው።

«ወደ ውስጥ ግባ» አሉ ሽማግሌው።

በ cd ገባሁና ዘረዘርኩት። የእያንዳንዱ ፋይል ስም ከነጭራው ይወጣል፤ mp3፣ mp3፣ mp3። እነዚህ መዝሙር ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድ ጭራው exe የሆነ ነበር። «ይሄ ድምፅ አይደለም» አልኩ። «ሲነኩት የሚነሳ ፕሮግራም ነው። እናንተ በለመዳችሁት ሲስተም ጭራው አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የፎልደር ሥዕል ለብሶ ስለሚቀመጥ ሰው መዝሙር መስሎት ይከፍተዋል። ሲከፍተው ነው ሁሉ የሚሰወረው።»

«ማን ሰጠህ?» አሉ ሽማግሌው ተማሪውን።

«አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሞላልኝ። ፊቱን ልብ አላልኩም።»

ሁለተኛው የባጃጅ ነጂው ፍላሽ ነው። በልቤ «ለነፍስ፣ እባክህ እዚህ አትኑር» እያልኩ ls -a ጻፍኩ። «ፊልም። ፊልም ሁለት። የእህቴ ሰርግ። የማይነካ…»

«እሱን ዝለይው!» ብሎ ባጃጅ ነጂው ብድግ አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የሚቀጥለውን አይቼው ነበር።

«ለነፍስ።»

ውስጡም ያው ጭራ። የሙዟ ሴትዮ ልጅ ፍላሽ ላይም ለነፍስ፣ ያው ጭራ። አሁን ሰው መሳቅ ትቶ መንሾካሾክ ጀመረ። ወንድሜን በጎን አየሁት። የታጠፈ እጁን ፈትቶ ደረቱ ላይ ያለውን ፍላሽ ጨብጦታል።

ያኔ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«እኔንም ጠርጥራችኋል፤ ሰምቻለሁ» አለች። «ሰክታችሁ እዩ።»

አነበብኩ። «ደረሰኝ። የልጆች ልደት። ኳየር። የኳየር ልምምድ።» ሁሉንም ገባሁባቸው። ጭራቸው ንጹሕ ነው።

«የሷ እንዴት ዳነ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጋሼ መዝሙር ሊሞሉልኝ መጥተው ነበር» አለች እሷ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «የራሳችን አለን፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መለስኳቸው።»

ሳቅ ተነሳ፤ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። የሳቀው ሁሉ ያለችው ነገር ገባው። አንድ በአንድ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

ክፍሏ እንደተረፈች ያኔ አወቅሁ፤ ደስታ ግን አልመጣልኝም። በአባታችን በረንዳ ላይ፣ በሰፈር ሰው ፊት፣ ታላቄን ላዋርድ ነው። «መብራቱ እያመነታ ነው፣ ለዛሬ ይብቃን መሰለኝ» አልኩ። መብራቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ሽማግሌው ወንድሜን አዩት።

ወንድሜ ተነሳ። ክሩን ከአንገቱ አወለቀና ፍላሹን ራሱ ሰካው።

«ጻፊ» አለኝ።

«ጋሼ…»

«ጻፊ አልኩሽ። ለሌላው እንዳደረግሽው።»

ls -a ጻፍኩ። ማንበብ ግን አልቻልኩም። መነጽሩን አውጥቶ አጠለቀና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ለነፍስ» ብሎ አነበበ። «ግቢ።»

ገባሁ። በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ እያንዳንዱን ጭራ ጮክ ብሎ አነበበ። mp3። mp3። mp3። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ» አለ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰማ ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው አላስፈለገውም። ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ከኔ ነው። አላወቅሁም ነበር፤ ግን ከኔ ነው» አለ።

«ተነገረ» አሉ ሽማግሌው። «ከተነገረ ይለቃል።» ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ተማሪው ጽሑፉን ገልብጬ ስሰጠው ዓይኔን ሳያይ ተቀበለኝ።

ላፕቶፑ ላይ በሽታውን ማን እንደጫነበት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ አስባለሁ፤ የምጠረጥረው ሰው አላጣሁም፤ ግን ጥርጣሬ ብቻውን አደባባይ አይወጣም። ስክሪኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ግድግዳ አልዞረም። ደንበኛው ራሱ እያየ፣ እኔ እየተናገርኩ ነው የምሠራው።

ወንድሜ ያን ሰኞ ወደ ካምባ አልተመለሰም። ጠዋት ከግቢያችን ዳር ለምለም ሣር ነጨ፤ በኛ አገር እርቅ ፈላጊ ባዶ እጁን አይሄድም። ሣሩን ይዞ መንገዱን ተሻገረና ጎረቤታችን በር ላይ ቆመ። «ስምሽን ያለ ጥፋትሽ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ሲላት ከበሬ ሆኜ ሰማሁ። አስገባችው፤ ሻይ ጠጥቶ ወጣ።

ከዚያ ፌስታል ይዞ መዝሙር ወደሰጣቸው ሰዎች ቤት ዞረ። ፍላሻቸውን ሰብስቦ አመጣልኝ። እኔ መጀመሪያ find . -name "*.exe" እያልኩ ክፉው ጭራ የት የት እንዳለ እፈልጋለሁ፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ፕሮግራም አለመሆኑን አጣርተን rm -i እጽፋለሁ። «ላጥፋው ወይ?» ሲል y የሚጫነው ወንድሜ ነበር፤ እያንዳንዱን አንብቦ፣ ቀስ ብሎ። የጫማ ነጋዴውን ነገር ዳግም አላነሳውም።

በመጨረሻ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ያንን ነፃውን ጫኚልኝ» አለኝ። ጭኜ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ጣቴን ጣቴን ሲያይ ነበር። ከዚያ ባዶውን ፌስታል ይዞ ወደ ጫኖ ሄደ፤ እዚያም መዝሙር የሞላላቸው ሰዎች ነበሩት።